ሳላነብ «አንብባለች» ተብዬ ስለተዘጋብን ክፍል

ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎልማሶች ማንበቢያ ጣቢያዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ዙህራ ቡሽራ
አድራሻ፦ አራዳ፣ እሪ በከንቱ

ጉዳዩ፦ የእሪ በከንቱ ማንበቢያ ጣቢያ በጀት እንዲመለስና ክፍሉ ዳግም እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ጤናና ዕድሜ እየተመኘሁልዎ አቤቱታዬን አቀርባለሁ። እኔ አመልካች በልጅነቴ ከወሎ መጥቼ እሪ በከንቱ ወልጄ ያሳደግኩ፣ ጉፍታና ሻሽ በመሸጥ የምተዳደር ሴት ነኝ። ይህን ጽሑፍ ከአፌ እየሰማ የጻፈልኝ አራት ኪሎ ማመልከቻ የሚጽፈው አቶ ተክለሃይማኖት ነው። አንዳንዱን «ይሄ ለቢሮ አይሆንም፣ እንተወው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ይጻፍልኝ ብያለሁ።

1. በቀድሞው የቀበሌ አዳራሽ ከሥራ መልስ ፊደል ስንማር ቆይተናል። መምህራችን ወ/ሪት የሺዓለም ከ«ሀ» አንሥታ «ከ» ድረስ አድርሳን ነበር። በዚህ ዕድሜ ፊደል መያዝ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል፤ ማታ የያዝኩት ጠዋት ይጠፋኛል። እርሷ ግን አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብንም።

2. የምማረው ለምስክር ወረቀት ብዬ አይደለም። ልጄ ኢልሀም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዎቿ በስልክ እንድታወራ ስለማይፈቅዱላት መልእክት ትጽፍልኛለች፤ እኔም በጎረቤት አስነብባለሁ። አንድ ጊዜ እዚያ የደረሰባትን ጻፈችልኝ። ተነቦልኝ ዕንባዬን ሳልጠርግ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ዞሮ ዞሮ እርሷም ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የምትጽፈው «ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ» ብቻ ሆነ። ይህንንም የምትጽፈው ለእኔ ሳይሆን ለሚያነብልኝ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርት መጀመሬን ሳስጽፍላት፣ «ራስሽ ማንበብ ስትችይ የምነግርሽ ብዙ ነገር አለኝ» ብላ መለሰችልኝ።

3. በሚያዝያ ወር የክፍላችን ተማሪ የነበረችው ወ/ሮ ለተክርስቶስ አርፋ አብዛኛው ሰው ለቀብር ወጥቶ ነበር። እኔ ሱቅ የሚጠብቅልኝ አጥቼ ቀርቼ ሳለ የጣቢያው አስተባባሪ አቶ ራጉኤል ደወለልኝ። «ማዘር፣ ከበላይ እንግዶች መጥተዋል። ክፍሉን ባዶ ካዩት በጀቱ ይታጠፋል፤ እባክዎ ቤት ይሙሉልኝ» አለኝ። በእኛ ሰፈር ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ድንኳኑ ሰው ሲሳሳበት ጎረቤት ለምኖ ማስቀመጥ ወግ ነው፤ ነውር የለበትም። እኔም ለቀብር እንኳ ያልዘጋሁትን ሱቅ ጥዬ ሮጥኩ። ከፋርማሲ ጽዮንን፣ ከልብስ ስፌት ቤት ኡመርን፣ የዕድራችንን ጸሐፊ አቶ ቃለአብን አስነሥቼ አመጣሁ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሁሉም ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። አቶ ራጉኤል ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ወንበር ያቀረበላቸውም እርሱ ነው።

እንግዶቹ «እስቲ የሚያነብልን» ሲሉ ሰዎቼ ዝም ብለው መቀመጥ አፈሩ። አቶ ቃለአብ ጉሮሮውን ጠርጎ የዕድር ማስታወቂያ እንደሚያነብ ገጹን ተወጣው። ጽዮንማ የመድኃኒት ስም ስታነብ የምትውል ልጅ ናት፤ ሳትተነፍስ ጨረሰችው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ክፍላችንን ያዳንን መስሎኝ ከፊት ተቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ፎቶም ተነሣን።

4. ብዙም ሳይቆይ የጣቢያው ተማሪዎች ሁሉ ማንበብ ስለቻሉ በጀቱ ወደ ሌላ ሥራ መዛወሩ ተነገረን። የክፍል ጓደኞቼ ቀብር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ነው አንባቢ የሆኑት። የወ/ሪት የሺዓለም ውል ተቋርጦ ወደ አገሯ ተመለሰች። ክፍሉ ዛሬ የፕላስቲክ ወንበር ማከማቻ ነው።

አቶ ራጉኤል እውነቱን ለበላዮቹ እንዲናገር ሄጄ ለመንኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ «ማዘር፣ ሪፖርቱ ሄዷል። ደግሞስ ያነበባችሁት እናንተው አይደላችሁ እንዴ?» አለኝ። ይህ ሰው ባለፈው ረመዳን ቤቴ ሾርባ ጠጥቶ ከእኛ ጋር ያፈጠረ፣ «ልጅዎ ነኝ» እያለ ጉልበቴን የሳመ ሰው ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ከክፍሉ መዘጋት ይበልጥ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ለእርሱ ብዬ ያደረግኩትን መልሶ በእኔው ላይ መሰከረበት። ክዶኛል፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

5. ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ለማንም ሳይነገር፣ አቶ ራጉኤልም ሳያውቅ፣ አንድ ሰው ይላኩልን። መጥቶ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔን ያስነብበኝ። ከ«ከ» ወዲያ ባለው ፊደል ሁሉ ስደናቀፍ በዓይኑ ያየኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት ማፈሩን ፈቅጃለሁ። ቤት የሞሉልን ሰዎችም ሊመሰክሩ ፈቃደኞች ናቸው፤ አቶ ቃለአብ እንዲያውም ክፍሉ ከተዘጋ ወዲህ እኔን ባየ ቁጥር አፍሮ መንገድ ይቀይራል። እውነቱ ሲታወቅ ሪፖርቱ ታርሞ፣ በጀቱ ተመልሶ፣ ወ/ሪት የሺዓለም ወይም እንደ እርሷ ያለች መምህርት ተመድባልን የቀሩንን ፊደላት እንድንጨርስ እንዲደረግልን በትሕትና አመለክታለሁ።

አቶ ተክለሃይማኖት እዚህ ላይ ይበቃል ብሎኝ ነበር። አልበቃም።

ያ ፎቶ በጣቢያው ፌስቡክ ላይ «ሁሉም አንባቢ ሆነዋል» ተብሎ ወጣ። ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ኢልሀም ልብ እንዳስቀመጠችበት ጽዮን አሳየችኝ። በማግስቱ ከልጄ ረጅም መልእክት መጣልኝ። ሲጀምር «እማ» ይላል፤ እርሱን ራሴ አነበብኩት። መሃል ላይም ደጋግማ «እማ» ብላኛለች። የቀረውን አላውቀውም። በሰው አስነብቢው ይሉኝ ይሆናል፤ ለእኔ ብቻ ብላ የጻፈችውን እንደገና አደባባይ አውጥቼ አፏን አላዘጋትም። ዝም ብላት ይከፋታል ብዬ በማውቃቸው ፊደላት ስሟን ጻፍኩና «ኢልሀም» ብዬ ላክሁላት። እርሷም ያነበብኩ መስሏት ሌላ ላከች፤ ከዚያም ሌላ። ክቡር ኃላፊ፣ ልጄ ለዓመታት የደበቀችኝን አሁን እየነገረችኝ ነው። እኔ ግን ምን እያለችኝ እንደሆነ አላውቅም።

መልስዎን በመጠበቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዙህራ ቡሽራ
(ስሜን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው፤ ያልደረስኩባትን «ዙ»ን ብቻ አቶ ተክለሃይማኖት አሳይቶኝ)