«አፌን ተመልከቱ» ስለሚሉት መምህርዎ

ለተከበሩ የውጭ ቋንቋዎች ማሠልጠኛ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የአነጋገር መምህርዎን ጉሮሯቸውን እንዳያማቸው እጸልያለሁ፤ ቢያማቸውም ብዙ አላዝንም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ስትሆን፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ አስቸጋሪ ቃላትን አጥርታ እንድትናገር መሥሪያ ቤቷ ወደ እርስዎ ልኳታል። ውለታዎ ተድበስብሶ እንዳይቀር በማሰብ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. አንድ ማለዳ ቁርስ ላይ ባለቤቴ ምላሷን በጥርሶቿ መካከል ብቅ አድርጋ ስታየኝ፣ ያላገጠችብኝ መስሎኝ እስከ ምሳ ድረስ አኩርፌ ዋልሁ። ለካ እንግሊዞች «ሦስት» ለማለት ምላስ ማውጣት ግድ ይሆንባቸዋል! እኛ ቤት ስንት ጊዜ ሦስት ተቆጥሯል፤ ምላሱን ያወጣ ግን አልነበረም።

፪. የፈረንሳዮቹን «ር» ከጉሮሮዋ ስትስብ ትን ያላት መስሎኝ ውኃ ይዤ ሮጥሁ፤ ጀርባዋንም መታ መታ አደረግሁላት። ለደግነቴ የተከፈለኝ ግልምጫ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

፫. በእንግሊዝኛ «ቢላ» ተብሎ ሲጻፍ ከፊት የምትቆም፣ ሲነበብ ግን ማንም የማይጠራት ፊደል እንዳለች ባለቤቴ አስረድታኛለች። ፊደሏ አሳዘነችኝ። እኔም ቤቴ ውስጥ አለሁ፤ ጠሪ ግን የለኝም። ቀድሞ ከሥራ ስትመለስ ገና ከበሩ «ሆዴ» ትለኝ ነበር፤ ዛሬ ቦርሳዋን ወርውራ በቀጥታ ወደ መስተዋቱ ነው።

፬. ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት ልቀበላት መጥቼ በመስኮት ብመለከት፣ መምህርዎ «አፌን ተመልከቱ» እያሉ ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ፤ ባለቤቴም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከታለች። ክቡር ሆይ፣ በሙያዬ የስንቱን ወገብ ለክቻለሁ፤ ዓይኔ ግን ከሜትሩ አልፎ አያውቅም። ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም፤ ቀንቻለሁ፣ አንጀቴ አርሯል። የመምህርዎ ኮት ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል፤ ክፍሉ በሙሉ አፋቸውን ስለሚያይ ግን ይህን ያስተዋልሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የሚታይ አፍ ይኑረኝ ብዬ ትናንት ከመስተዋቱ ፊት ቆሜ፣ ምላሴን በጥርሴ ይዤ ስታገል ባለቤቴ ድንገት ገባች። ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥላም ምላሴን እንዳልነክሰው ለመነችኝ፤ ስትለምነኝም «ሆዴ» አለችኝ።

ለመምህርዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ከጥልቅ ጥርጣሬ ጋር አጣምሬ በማቅረብ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የእንግዳ ተቀባይዋ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሚቀጥለው ወር አንድ ወንበር ይያዙልኝ፤ በመምህርዎና በባለቤቴ መካከል። ቁመቴ ረጅም፣ ትከሻዬም ሰፊ ነው። መምህርዎ የፈለጉትን ቃል ያስተምሯት፤ «ሆዴ» የምትለዋን ግን ይተዉልኝ፤ እሷን አፋቸውን ሳታይም ትችላታለች።