ውብዳር ለምን አልጠበቀችም

ጉለሌ፣ ጳውሎስ አካባቢ
ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ጀላል፤

ሰላምታዬ አሰብ ድረስ ይምጣልህ። ሙቀቱ ጤናህን እንዳይነካው አላህን እለምናለሁ። እኔና ልጅህ ደህና ነን። ሙኒያ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሸፊ የጭነት መኪናውን ሱቁ በር ላይ አቁሞ ደብዳቤህን ሰጠኝ። አራት ወር ጠብቄ ያገኘሁት ስለሆነ ደንበኛ ትቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቼ አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው። ግማሹ ስለ ወደቡ ሥራ፣ ግማሹ ስለዚያ ልብ ወለድ፣ ስለ «ዘጠኙ አምባዎች»። «አራተኛው ቅጽ ወጣ ሲሉ ሰማሁ፤ ነብሮ አገሩ ገባ ወይ? ቶሎ ጻፊልኝ» ትላለህ። ስለ ሙኒያ አንድ መስመር። ለእኔ «እንደምን አለሽ» ብቻ። ተናደድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ያልጻፍኩልህ ለዚያ ነው።

ቢሆንም የጠየቅከውን ልንገርህ። የመጀመሪያውን ቅጽ በተጋባን ዓመት አብረን ነው ያነበብነው፤ አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነባለህ፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ሦስተኛው የወጣው አንተ አሰብ በሄድክበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ አንዴ ወረቀት ጠፋ፣ አንዴ ሳንሱር ላይ ነው ሲባል ስድስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ወጣ። በመከራ አንድ ቅጂ አገኘሁና እንደ ሌሎቹ ቅጾች ሱቄ ውስጥ ማከራየት ጀመርኩ። ሰዉ ስሙን አስመዝግቦ ተራ ጠበቀ።

አዎ፣ ነብሮ ገባ። የጭጋጉን ንጉሥ ዘጠነኛው አምባ ላይ ድል አድርጎ፣ በዘጠነኛው ዓመት አገሩ ገባ። ሚስቱ ውብዳር ግቢዋ ውስጥ እህል አስጥታለች። አንድ ሰው ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ ሣር ይከድናል። ነብሮን ወዲያው አወቀችው፤ ውሃ በቅል ሰጠችው። «ሰባት ዓመት ጠበቅኩህ፤ በስምንተኛው ይህን ሰው አገባሁ» አለችው። ውሃውን ጠጣ፣ ቅሉን መለሰላት፣ በመጣበት መንገድ ሄደ። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሰፈሩ ተቆጣ። ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ፣ ሲስተር ዘርትሁን፣ መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ወርውራ «አራት ቅጽ ያነበብኩት ለዚህ ነው?» አለችኝ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ተማሪዎቹ ነብሮ ሰውየውን ከጣሪያው አውርዶ ሊገድለው ይገባ ነበር ይላሉ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ «ልዩ ልዩ ጉዳይ» ሲባል አንዱ ተነሥቶ ስለ መጨረሻው ጠየቀ፤ ሊቀመንበሩም ጥፋቱ የሴትየዋ ነው ብለው ዘጉት። ለደራሲው የሚያዝን አለ። ውብዳርን ግን ያልሰደበ የለም።

ከሁሉ የባሱት የቀጨኔው ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ቦጋለ ናቸው። መጽሐፉን ሲመልሱ የመጨረሻዎቹ ስድስት ቅጠሎች የሉም፤ ቀድደው አውጥተዋቸዋል። ተራ የሚጠብቁ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩና መጨረሻውን በቃሌ መንገር ጀመርኩ። በነገርኩ ቁጥር «ምን ዓይነት ሴት ናት?» ይሉኛል። አራተኛው ሰው እንዲህ ሲለኝ ሱቁን ዘግቼ ቀጨኔ ሄድኩ።

«ቅጠሎቹን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ለማን ይጠቅማሉ?» አሉ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ። «ያን ሁሉ መከራ ያየን ሰው እንዲህ ይቀበሉታል? ትንሽ ብትታገስ ምን ነበረበት?»

«ስንት ዓመት ብትታገስ?»

«እስኪመጣ ነዋ።»

«እንደሚመጣ ማን ነገራት? መልእክት የሚያደርስ ንስር ነበረው፤ ለአገሩ ንጉሥ ስንቴ ልኮበታል። ለእሷ የላከበትን ገጽ ያሳዩኝ።»

የስፌት መኪናውን መርገጫ አቆሙ። «አልላከም መሰለኝ» አሉና ቅጠሎቹን ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። በሩ ድረስ ሸኝተውኝ «አንቺ ግን ለምን እንዲህ ከፋሽ?» አሉኝ። ቅጠሎቹን ይዤ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

በደራሲውም ተናድጃለሁ። የነብሮ ዘጠኝ ዓመት አራት ቅጽ ተጻፈለት፤ የእሷ በሁለት መስመር አለቀ። ልጅ ሲታመምባት ማንን እንደጠራች፣ ሰው «ባልሽስ?» ሲላት ምን እንደምትመልስ፣ ክረምቱን እንዴት እንደዘለቀችው የለም። ያን ጽፎ ቢሆን ጋሽ ቦጋለም ባልቀደዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማ። ባለፈው ጁምዓ አጎቴ ቡሽራ መጥተው ነበር። ሙኒያን ጎረቤት ላኳትና «ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሆነ» አሉኝ። «ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ይህቺ ልጅ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ከአሰብ በየቀኑ መኪና ይገባል። ለፍቺ ቃዲው ዘንድ ልሂድልሽ?» ከዚህ ቀደም ሲጠይቁኝ እቆጣቸው ነበር። አሁን ዝም አልኩ። ዝምታዬን አይተው «እስከ ረመዳን አስቢበት» ብለው ሄዱ።

ሌላ ሰው አለ እንዳትል። ጣሪያዬ ላይ የወጣ ሰው የለም፤ ሱቁ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ የከረመው ለዚያ ነው።

ቅጠሎቹን በዱቄት ሙጫ አጣብቄ መጽሐፉን ለሸፊ ሰጥቼዋለሁ። ሰፈሩ ይጠብቅ። አንብበው። ስለ ነብሮ ምንም አትጻፍልኝ፣ ስለ እሱ ሰምቼ ሰልችቶኛል። ስለ ውብዳር ያሰብከውን ጻፍልኝ። ወይም አትጻፍ። ሸፊ በወሩ መጨረሻ ወደዚህ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው ብሎኛል።

አላህ በሥራህ ላይ ካለው አደጋ ሁሉ ይጠብቅህ፤ እህል ውሃህን ይባርክልህ። ከዱዓዬ አንድም ቀን አላወጣሁህም።

የሙኒያ እናት
ቡርቱካን