የሦስተኛው ጠርሙስ ጋዝ

ሰኞ

ዛሬም ሁለቱ ጠርሙሶች ዝም። ሦስተኛው ግን ይንተከተካል። አልገባኝም። በሦስቱም ያለው ያው የላም እበት ነው፤ ሚቴን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች እንዲሞቱ፣ ሃይድሮጅን ሠሪዎቹ እንዲተርፉ ራሴ ቀቅዬዋለሁ። ምግባቸው የጠላ አተላ። በደብረ ታቦር ብርድ እንዳላመካኝ ሦስቱም አንድ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ናቸው። አማካሪዬ "እስከ ቅዳሜ የሚያሳምን ነገር ካላሳየሽኝ ርዕስ ትቀይሪያለሽ" ብለውኛል። ከአተላ ሃይድሮጅን ማምረት የሁለት ዓመት ልፋቴ ነው።

ማክሰኞ

የሦስተኛውን ጋዝ ለካሁ። ውሃ ሞልቼ በደፋሁት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ውሃውን ገፋው፤ ዘጠና ሚሊ ሊትር። ጮቤ ረገጥኩ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንዲውጥልኝ በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ሳሳልፈው አርባ ቀረ። ክብሪት ሳስጠጋ ጷ ብሎ ነደደ። ሃይድሮጅን ነው። ግን ለምን ከአንዱ ብቻ? አማካሪዬ ምክንያቱን ካላወቅሽው ውጤት አይባልም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ተናደድኩ።

ረቡዕ

የጠረጠርኳቸው፦ የሚያፈስ ጎማ፣ ኮምጣጣነት፣ ቡዳ (ይሄ የእናቴ ነው፣ በስልክ)። ጎማውን ሳሙና ቀባሁት፤ አያፈስም። ኮምጣጣነቱ እኩል ነው። ለቡዳው መለኪያ የለኝም።

ማታ ደብተሬ ጥግ ላይ የራሴን ጽሑፍ አገኘሁ፦ "አተላ አለቀ። ሦስተኛውን በእትዬ ዘይነባ የቀሪቦ ዝቃጭ ሞላሁ። ያው ገብስ ነው።"

ሐሙስ

እትዬ ዘይነባ አከራዬ ናቸው። ቀሪቦው ውስጥ ምን እንደሚገባ ጠየቅኳቸው። የታመሰ ገብስ፣ ውሃ፣ ስኳር አሉ።

"ጌሾስ?"

"ጌሾማ የእናንተ የክርስቲያኖቹ ነው ልጄ። እኛ ቤት ምን ይሠራል?"

ደብተሬን ገለጥኩ። እኛ ቤት ያለ ጌሾ የሚጠመቅ ነገር የለም፤ ልጽፈው እንኳ ትዝ አላለኝም። ባክቴሪያዎቼን የፈጃቸው እሱ ይሆን? ወይስ ስኳሩ ነው ሦስተኛውን የረዳው? ለመለየት ሁለት አዲስ ጠርሙስ የተቀቀለ እበትና የቀሪቦ ዝቃጭ ሞላሁ። ባንዱ ጌሾ ጨመርኩ። ጌሾ ያለበት እንዳይሠራ መጸለይ ነውር ይሆን?

ቅዳሜ

ጌሾ የሌለው ይንተከተካል። ጌሾ ያለበት ጭጭ ብሏል። አማካሪዬ ሁለቱን ደጋግመው አዩ።

"ጌሾው ስንት ግራም ነው?"

በእጄ ዘግኜ እንደጨመርኩ ስነግራቸው ግንባራቸውን አሹ። "ርዕሱን አትቀይሪም" አሉ በመጨረሻ። "ለክተሽ ድገሚው።"

እፎይ አልኩ፤ ግን ግራ እንደተጋባሁ ነኝ። ሁለት ዓመት ሃይድሮጅን እንዴት እንደሚመረት ሳጠና ኖሬ፣ እስካሁን ደህና አድርጌ የማውቀው እንዴት እንደሚቆም ነው።