የተናደው እርከን

ረቡዕ

እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ትናንት ጣሊያኑ መሐንዲስ ለመንገዱ የሚሆን ድንጋይ የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው ነኝና ከመንደራችን በላይ ያለውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ጠቆምኩት። የወንዝ ድንጋይ ድቡልቡል ነው፣ አይያያዝም፤ ቋጥኝ የሚፈልጡት ሠራተኞች ደግሞ እጃቸው ተልጦ አልቋል። እነሱን ላሳርፍ ብዬ ነው። ፍርስራሹ ውስጥ ከጅብ በቀር የሚኖር የለም።

ዛሬ ጠዋት ከዚያው ጀመሩ። ከቀትር በኋላ ግን ግንቡን ተከትለው ማሳችን ገቡ። ለኛ ግንብ ሌላ፣ እርከን ሌላ ነው፤ ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ለነሱ ሁሉም የተካበ ድንጋይ ነው። ይህን መንገር አለብኝ ብዬ አላሰብኩም፣ ደደብ!

አባባ ከማሽላው መሀል ወጥተው መጡ።

«ይህ ዳገት ራቁቱን ዓለት ነበር በልልኝ» አሉ። «ድንጋዩን ክበው፣ አፈሩን ከታች በጀርባቸው ያመጡት የጥንት ሰዎች ናቸው። እኛ በየዓመቱ የወደቀውን ብቻ ነው የምንመልሰው።»

ተረጎምኩ። መሐንዲሱ ሳቀ። ጎጆ ውስጥ የሚኖር ሕዝብ ይህን አይሠራም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ይሆናል የካበው አለ። ይህን ለአባባ አልተረጎምኩም። እሳቸውም ምን አለ ብለው አልጠየቁኝም።

ሐሙስ

ድንጋዩን የሚጭነው ካሚዮን ሲመላለስ ዋለ። የሄደው፦ የኛ አምስት እርከን። የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነባ ሦስቱም። የቀረው፦ ከግርጌ ሁለት፣ የኛ።

እትዬ ዘይነባን ሰላም ብላቸው ፊታቸውን አዙረው ቤታቸው ገቡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺ ማሳ ብቻ ነበረቻቸው።

ቢያንስ ክረምቱ ይውጣ ብዬ መሐንዲሱን ለመንኩት። መንገድ አይጠብቅም አለኝ። በአጣዬ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ያ ረቢ፣ ዛሬን አታዝንብ። በሐምሌ ዝናብ እንዲቀር ዱዓ ያደረገ የገበሬ ልጅ ከኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

ዓርብ

ዘነበ። ከጁምዓ ሰላት ስንወጣ ጀምሮ እስኪመሽ። ጉልበት የደረሰው ማሽላ ከነሥሩ ሄደ። ስንት ትውልድ የተሸከመው አፈር በአንድ ከሰዓት ወንዝ ገባ። አባባ ዝናቡ እየወረደባቸው ቆመው ያያሉ። ይግቡ ብላቸው አልሰሙኝም። እኔ አለቀስኩ፣ ምንም አልረባም።

ቅዳሜ

ሥራውን ትቼ ማለዳ ማሳ ወረድኩ። አባባ ከግርጌ የቀሩት ሁለት እርከኖች ያስቀሩትን አፈር በቁና ወደ ላይ ይሸከማሉ። እኔም ሌላ ቁና ሞልቼ ተከተልኳቸው። እስከ ቀትር ተመላለስን። ከዚያ ሥራ የለህም ወይ አሉኝ። ትቼዋለሁ አልኳቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ። ቁናውን ከእጄ ወሰዱት።

«ተመለስ» አሉ። «መንገዱ በሚያልፍበት እስከ ካራቆሬ ያለው መንደር ሁሉ እርከን አለው። ድንጋይ የት አለ ሲሉ፣ የለም የሚል ሰው እዚያ ያስፈልጋል።»

ልጄ አላሉኝም። አፈሩንም ከሳቸው ጋር እንድሸከም አልፈቀዱልኝም። ሰኞ እመለሳለሁ። መንገዱ ወንዙን ለሚሻገርበት ድልድይ ድንጋይ መፈለጋቸው አይቀርም። የለም ስለው መሐንዲሱ ያምነኝ እንደሁ አላውቅም።