በሰው በቅሎ «በቅሎ እሰጥ»

ባሻ ተሰማ፣

በሶው ቅሉ ውስጥ አለ። ውሃ ቀድቻለሁ። ጠላውን ግን ደፍቼዋለሁ፤ አይፈልጉት።

ቅቤው ለጎረቤታችን ለሎኮ ክንድ ማሻ ነው፤ እንዳይነኩት።

እስከዚህ ሽበትዎ ድረስ ከሳሽ ቆሞብዎ አያውቅም ነበር። ትናንት ግን ዳኛው ፊት ሲናገሩ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ሲናና ከነበረው ሰርግ ሰክረው በበቅሎ ሲጋልቡ ሎኮን ከገበያ ስትመለስ ጥለዋት ክንዷ ተሰበረ። እሷ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ቆማ፣ እርስዎ «ጠጅ አፌ አልገባም፤ በቅሎዋ ደንብራ ነው!» ይላሉ። ይህም አልበቃ ብሎ «ሰክሬ ከነበረ በቅሎ እሰጥ!» ብለው ተወራረዱ።

የማንን በቅሎ ነው የሚሰጡት? የእኔን! ጉልበትዎን ያምዎታል ብዬ ያዋስኩዎትን!

ማታ ደግሞ ዋስ ሁነኝ አሉኝ። በቅሎ ማዋሴ አንሶ ዋስ ልሁንዎ?

ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ለሽበትዎ ስል ትቼዋለሁ።

በቅሎዋን ይዤ ወደ ጎሮ ሄጃለሁ። ነገ ጎባ ዳኛው ዘንድ በእግርዎ ይሂዱ። መንገድ ላይ ከተንገዳገዱ ግን የሚያሳብቡባት በቅሎ የለችም።

ወልደ ሐና