ማዳም የቀናችበት ክሳት

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2007
ሪያድ፣ መላዝ

ማዳም ለመክሳት ብላ ከምግብ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ መጠጣት ከጀመረች ወር ሆናት። የማቀርብላት እኔ ነኝ። ውሃውን ትጠጣና ሩዙን ያው እንደ ድሮዋ ትበላለች። እኔ የምበላው እነማዳም ከማዕድ ሲነሱ፣ ያውም ከተረፈ ነው። እስከዚያ ሆዴ እንዳይጮህ ከቧንቧ እጠጣለሁ።

ዛሬ ሚዛን ላይ ስትወጣ አንድ ኪሎ ጨምራለች። ተናዳ "ያላ፣ እስቲ አንቺ ውጪ!" አለችኝ። ወጣሁ። አርባ ዘጠኝ። ለጉዞው ሜዲካል ስመረመር ሃምሳ ስምንት ነበርኩ።

ይህንኑ ስነግራት ማዘን ሲገባት ቀናችብኝ።

"ማሻአላህ! ምን አድርገሽ ነው?"

"ውሃ ነው ማዳም" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ወዲያው እህቷ ጋ ደወለች። "ውሃው ይሠራል! ሠራተኛዬ እንኳ ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳበታለች!" ደስ ብሏት ትስቃለች። እኔ ሚዛኑን እወለውላለሁ።

ከሰዓት እናቴ ከደሴ ደወለች። "ልጄ፣ እስቲ ፎቶ ላኪልኝ። ወፈር ብለሻል አይደል? ለጎረቤት ላሳይሽ።"

"እሺ እማ፣ ኢንሻአላህ" አልኳት።

ፎቶውን አባያዬን ለብሼ እነሳለሁ። ሰፊ ነው፣ ሰውነቴን ይደብቅልኛል። ፊቴንስ ምን አደርገዋለሁ?