የሎረል ሸለቆ ትምህርት ቤት መዘጋት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሃስኬል፤

ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ዶሪንስ ደህና ናት? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ፋብሪካው አሁንም ቀኑን ሙሉ ያቆምሃል? እኛ እንዳለን አለን። አባባ ግን ሳሉ ብሶባቸዋል፤ የከሰሉ አቧራ ሳንባቸውን ጨርሶት ከአልጋ እስከ በረንዳ ለመድረስ እንኳ ያርፋሉ።

ወንድምዓለም፣ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። በዚያ በረጅሙ አድማ ጊዜ፣ የከሰል ኩባንያው ከቤት አስወጥቷቸው በድንኳን እያደሩ፣ አባባና ጓደኞቻቸው ድንጋይ ከወንዝ ተሸክመው የሠሩት ያ ትምህርት ቤት። ማዕድኑ ከቆመ ወዲህ ሰዉ እንዳንተ ወደ ሰሜን ነጎደ፣ ልጆችም አነሱ። የወረዳው ሸንጎ የቀሩት ተራራውን ዞረው ከተማ ይማሩ አለ።

ሸንጎው ጉዳዩን ሊወስን በተሰበሰበበት ዕለት ባለቤቴ አርሊስ ልዘልዎት ቢላቸው አባባ እምቢ ብለው የአዳራሹን ደረጃ በእግራቸው ወጡ። የአክስታችን ልጅ ኮርቤት፣ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ ከፊት ተቀምጧል። ባለፈው ምርጫ በረንዳችን ላይ ዶሮ እየበላ፣ "እኔ እያለሁ ትምህርት ቤቱን ማንም አይነካውም" ብሎ የማለው እሱ ነው። አባባ፣ "አንተም እኮ ፊደል የቆጠርከው እዚያው ነው" አሉት። "አጎቴ፣ ምን ላድርግ? የከሰሉ ግብር ቀርቶ ካዝናው ባዶ ነው" አለና አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንዱ፣ "ላዲሱ መኪናህ ሲሆን ከየት መጣ?" ሲል ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሳያባራ የሸንጎው አባላት ይዘጋ ብለው እጅ አወጡ፤ የኮርቤትም እጅ ወጣ። በቃ፣ አለቀ።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ምርጫ ነበር። የድሮዋ አስተማሪያችን ኢዩላ ትምህርት ቤቱን አስከፍታለሁ ብላ ከኮርቤት ጋር ተወዳድራለች። አባባ ካልሄድኩ ብለው ወሰድናቸው። ስንመለስ፣ "ዛሬስ አንጀትዎ ራሰ" አልኳቸው። "ኮርቤትን ነው የመረጥኩት" አሉኝ። ባፈጥጥባቸው ጊዜ፣ "ባልሽ የሚነዳው የወረዳውን መኪና አይደል? ኮርቤት ከወረደ አርሊስ በነጋታው ይባረራል። ልጆችሽ ምን ይብሉ?" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም እሱኑ መርጬ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ኮርቤት አሸነፈ።

ጡረታ ስወጣ ተመልሼ ቤት እሠራለሁ ብለህ ነበር። አባባ ደስ ይላቸዋል፣ እኔ ግን ና ብዬ አልዋሽህም። ልጆችህን እዚያው አስተምር።

ዶሪንን በጣም ሰላም በልልኝ። ትንሿን ሮንዳን ጉንጯን፣ ዌይንን ግንባሩን ሳምልኝ። አባባ፣ አርሊስና ልጆቹ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ኦርሌና
ሎረል ሸለቆ፣ ምሥራቅ ኬንታኪ
ኅዳር 1985 እ.ኤ.አ.